የዘጠኝ ቁጥር ቅዳሜዎች

«የጮራ ማራኪ እግር ኳስ ቡድን ጽሕፈት ቤት፣ የኳስ መንፊያችን መርፌ ከትናንት ሐሙስ ጀምሮ የገባችበት ባለመታወቁ የተሰማውን ጥልቅ ኀዘን እየገለጸ፣ ለቡድኑ አባላት፣ ለደጋፊዎችና ለመርፌዋ ወዳጆች በሙሉ መጽናናትን ይመኛል። ጉዳዩን ለመመርመር ዛሬ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቷል። በሁለተኛ አጀንዳነት የተጫዋች ክንዱ የልቀቁኝ ጥያቄ ይታያል።»

ማስታወቂያው የቡድኑ ሊቀመንበር የሆኑት የአያ አድማሴ ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ጽሕፈት ቤት የተባለው፣ የአያ አድማሴ የስፌት መኪና ያረፈበት ጠረጴዛ ነው። ክንዱ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ከመርፌ በታች ወረድክ እኮ!» አለ ከኋላው የመጣው ቡሽራ፣ ኳሷን በብብቱ እንደያዘ። ቡሽራ የቡድኑ በረኛ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከክንዱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ደርሰዋል።

«መርፌ ስትጠፋ ኳስ ትተነፍሳለች። እኔ ብጠፋ ምን ይጎድላል?»

«አስራ ዘጠኝ ጎል ነዋ! ይልቅ ስንት ሰጡህ?»

«እነማን?»

«ባሕር ዳሮች ናቸዋ። የታክሲ ረዳት ሳይቀር ያውቃል፣ አቦ።»

ወሬው ሰኞ ከሰፈራቸው ከማራኪ ሲነሣ አንድ ጥንድ የኳስ ጫማ ነበር። አዘዞ ሲደርስ ደመወዝ ሆነ። ጠዳ ሲገባ ደግሞ ባሕር ዳር ያለ አንድ ክለብ ለክንዱ ባጃጅ ገዝቶለት ታርጋ ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ማንም ምንም አልሰጠኝም» አለ ክንዱ።

«ታዲያ ለምን ትለቃለህ?»

ክንዱ ማስታወቂያውን ለሦስተኛ ጊዜ የሚያነብ መሰለ።

«ለእኔም አትነግረኝም?» አለ ቡሽራ። «እሺ በቃ» ብሎ ኳሷን እያነጠረ ሄደ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ኳሷን ወደ ክንዱ ይወረውራት ነበር።

ክንዱ ውል የፈረመው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ሰውአገኝ የቡድኑ አምበልና ዘጠኝ ቁጥር ነበር። አምና በጥቅምት፣ ኮላ ድባ ተጫውቶ ሲመለስ የተሳፈረባት ሚኒባስ ተገለበጠች። ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ለሦስት ቀን የእድሩ ድንኳን በራቸው ላይ ተተከለ፤ የሟች ልብስ ለቅሶ ላይ ይወጣልና ዘጠኝ ቁጥሩ ማሊያ ምሰሶው ላይ ተሰቀለ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶለት የማያውቀው የቡድኑ ኮሚቴ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ ሰባቱም አባላት አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተገኙ። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ደግሞ በከንቱ አያልፍም። በሣልስቱ ዕለት ስብሰባው ተጀመረ።

«ቦታው ክፍት ሊሆን አይገባም» አለ አንዱ።

«ታናሽየው አለ አይደል? አስራ አራት ቁጥር!»

ያኔ አንዲት አሮጊት «አይዞሽ የትነበርሽ፣ ምትኩ አለልሽ!» ብለው ጮኹ፤ የድንኳኑ ሰው በሙሉ ወደ ክንዱ ዞረ። እናቱም ዞረች። ለሦስት ቀን ማንንም ያላየ ዓይኗ እሱ ላይ ቆመ።

ወረቀት ቢታጣ ከእድሩ መዝገብ የመጨረሻው ገጽ ተቀደደ። ተጫዋች ክንዱ ለሦስት ዓመት በወንድሙ ቦታና በወንድሙ ቁጥር ሊጫወት ተስማማ፤ ያለ በቂ ምክንያት ቢለቅ ለሦስት ዓመት በአካባቢው ሜዳ ለማንም ቡድን አይሰለፍም። ማኅተም ተመታ። ክንዱ አስራ አራት ዓመቱ ነበር፤ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ደግሞ እምቢ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ከአርባው በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ እናቱ ከቤት ወጥታ ሜዳው ዳር ተቀመጠች። ሰፈሩ ደስ አለው። ክንዱ በሰፊው ማሊያ ውስጥ ሲሮጥ ስታይ ብድግ አለች።

«በግራህ! በግራህ እንጂ፣ ሰውአገኝ!»

ሰዉ የሟቹን ስም እየጠራች ሕያዉን የምታበረታታ መሰለውና ዓይኑን አበሰ። ክንዱም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለው። ሰውአገኝ ግራ እግር ነበር፤ ክንዱ ቀኝ ነው። ከአስራ ዘጠኙ ጎሎች አስራ አንዱን ግን በግራ አግብቷል።

ከጨዋታ ሲመለሱ እናቱ መንገዱን ሙሉ ትስቃለች። ቤት ገብታ «በል ጉረስ፣ ሰውአገኝ» ትለዋለች። እሱም ይጎርሳል። ከዚያ ማሊያውን አውልቆ፣ የራሱን ሸሚዝ ለብሶ፣ ማሊያውን ሳፋ ውስጥ ይነክረዋል። ያኔ እናቱ ትኩር ብላ ታየዋለች።

«ወንድምህስ?» ትለዋለች።

መልስ ሳትጠብቅ መልሱ ይደርሳታል። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ትልና የድንኳኑን ልቅሶ ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች። ሰፈሩ ሰውአገኝን አንድ ጊዜ ቀብሮ ተመልሷል። ክንዱ ግን ሃያ ስድስት ጊዜ ቆጥሯል።

የሚገርመው፣ ከሰኞ እስከ ዐርብ ምንም የለባትም። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ናት። የአርባ ሁለት ሕፃናትን ስም ከነአባታቸው ታውቃለች፤ የአንዱን ምሳ ዕቃ ለሌላው ሰጥታ አታውቅም። የምትሳሳተው ቅዳሜ ብቻ፣ አንድ ስም ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ክንዱ፣ ማሊያው አልደረቀም ብሎ በድሮው አስራ አራት ቁጥሩ ገባ። ሁለት ጎል አገባ። እናቱ ግን አላየችውም፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ወደ ተቀያሪዎቹ አግዳሚ እያየች ሰውአገኝ እስኪገባ ጠበቀች። አያ አድማሴም በበኩላቸው «ውል ውል ነው፣ ልጄ» አሉና በነጋታው ሁለተኛ ዘጠኝ ቁጥር ሰፍተው አመጡ።

ያለፈው ቅዳሜ ከሁሉም ባሰ። ሰውአገኝ ከመሞቱ በፊት መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ይዘጋጅ ነበር። እናቱ እያጎረሰችው «የመንጃ ፈቃድ ትምህርቱን መቼ ነው የምትጀምር?» ስትል ጠየቀችው። ክንዱም አፉ ሙሉ እንደሆነ፣

«ሰኞ እጀምራለሁ፣ እማ» አላት።

እሷ ተሳስታ ነው። እሱ ግን አልተሳሳተም። የሞተ ሰው ሆኖ መለሰ፤ እሷም ደስ አላት። እሑድ ጠዋት የልቀቁኝ ማመልከቻውን ጻፈ።

ስብሰባው ሊጀመር ሲል የቡሽራ ታላቅ እህት ፈህሚያ መንገድ ላይ ጠበቀችው። ጽሑፏ ስለሚያምር የቡድኑ ጸሐፊ ናት፤ «የመርፌዋ ወዳጆች» የሚለውን ተንኮል የጨመረችውም እሷ ናት። አሁን ግን አልሳቀችም።

«እኔ አውቃለሁ» አለችው።

«ምኑን?»

«የጎል መዝገብ የምይዘው ከእናትህ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው፣ ክንዱ። አስራ አራት የለበስክ ቀን 'ሰውአገኝን ምነው አላስገቡት?' ብላ ጠየቀችኝ። ለቡሽራ እንኳ አልነገርኩትም፣ ወላሂ።»

ክንዱ መሬት መሬት አየ።

«ንገራቸው። አሁኑኑ ይለቁሃል። አያ አድማሴ እንደሆኑ ያለቅሱልሃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰው ይረዳል።»

«ይረዳል! ተረድቶ ከንፈር ይመጥላታል። ተረድቶ ጸበል ይዞላት ይመጣል። ሰኞ ደግሞ ተረድቶ 'ልጄን ለእሷ አልተውም' ይላል። አርባ ሁለቱን ሕፃናት ከቀሟት ምን ይቀራታል?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ኳስ ሳትጫወት? አንተ?»

«ሩጫ አለ፤ ቮሊቦል አለ» አለ። ቮሊቦል እንደማይወድ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ነገ ቅዳሜስ?»

«ሸሚዜን ለብሼ ከጠዋት ጀምሮ ቤት አጠገቧ እቀመጣለሁ። ታለቅስ ይሆናል። ምናልባት ግን እኔን ታየኝ ይሆናል።»

ፈህሚያ መዝገቡን ደረቷ ላይ አድርጋ ከፊቱ ገባች።

ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አምስቱ ተገኝተዋል፤ ሁለቱ ለቅሶ ሄደዋል። የመርፌዋ አጀንዳ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ተጠርጣሪዎች ተዘረዘሩ፤ የአንዱ ሰፈር ቡድን በሌብነት ተነሣ። በመጨረሻ መርፌዋ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከአያ አድማሴ የስፌት መርፌዎች ጋር አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተገኘች።

«ተገኘች ብለሽ ጻፊ» አሉ አያ አድማሴ፣ ወደ ፈህሚያ ሳያዩ። «የት የሚለውን ተይው።»

ሁሉም ሳቀ። ክንዱም ሳይታወቀው ፈገግ አለ። ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ።

«ማመልከቻህን አይተናል» አሉ አያ አድማሴ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ልቀቁኝ ይላል። ምክንያት አይልም። ደግሞም 'ዘጠኝ ቁጥርን ከእንግዲህ ማንም አይልበሰው' ይላል።»

«ኧረ በስማም!» አለ አንዱ። «እንደ አውሮፓ ኮከቦች ቁጥሩ ይሰቀልለት ነው የሚለን?»

«አስራ ዘጠኝ ጎል አግብቶ ሐውልት ሊያሠራ!»

«ባሕር ዳር ያሠሩለታላ!»

ቡሽራ የተጫዋቾች ተወካይ ሆኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እሱ አልሳቀም፤ ክንዱንም አላየውም።

«ዝም በሉ እስቲ» አሉ አያ አድማሴ። ድምፃቸው ወረደ። «ክንዱ ልጄ፣ ያንን ዘጠኝ ለወንድምህ በገዛ እጄ ነው የሰፋሁት። ሸጋ ልጅ ነበረ። እናትህም ብትሆን በሳምንት አንድ ቀን የምትስቀው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ምነው ይህችን ልትቀማት?»

ክንዱ አፉን ከፈተ።

ሁሉም ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ፊታቸው ሲለሰልስ አየ፤ አንድ ቃል ቢወጣው ተነሥተው ሊያቅፉት የተዘጋጁ ነበሩ። ከመካከላቸው ግን እትዬ አምሳል ነበሩ። ትንሹ ልጃቸው መዋዕለ ሕፃናት ነው የሚውለው፤ የጫማውን ክር በየጠዋቱ የምታስረው የክንዱ እናት ናት። እትዬ አምሳል ደግ ሴት ናቸው። ሰምተው ያለቅሳሉ፤ አልቅሰው ለጎረቤት ይነግራሉ።

ክንዱ አፉን ዘጋ።

«ብትናገር በሰላም ትለቃለህ፤ ማሊያውም እንዳልከው ይቀመጣል» አሉ አያ አድማሴ። «ዝም ካልክ ግን ሦስት ዓመት ነው። ውል ነው። እኔ አልፈልገውም፣ ልጄ። አንድ ቃል በለኝ።»

«ሦስት ዓመቱን እቀበላለሁ» አለ ክንዱ። «ዘጠኝ ቁጥሩን ግን ማንም አይልበሰው። እለምናችኋለሁ።»

«ለምን?»

ክንዱ ራሱን ነቀነቀ።

የሦስት ዓመቱ ቅጣት እንዲጸና እጅ ማውጣት ሆነ። አራት እጅ አንድ ላይ ተነሣ። የአያ አድማሴ ዘግይቶ፣ ከትከሻቸው ሳያልፍ ተነሣ። የቡሽራ ጭኑ ላይ ነበር። ከዚያ እሱም ተነሣ፤ ወደ ጣራው እያየ።

ፈህሚያ እስኪብርቶዋን ይዛ ቀና አለች። «ምክንያት በሚለው ላይ ምን ልጻፍ?» አለች። ዓይኗ ክንዱን ለመጨረሻ ጊዜ ይለምነዋል።

«ባዶ ተይው።»

አያ አድማሴ ከመሳቢያው ሁለቱን ዘጠኝ ቁጥር ማሊያዎች አወጡ። አንዱን ባንዱ ላይ አጣጥፈው፣ በእጃቸው ጠፍጠፍ አድርገው፣ መልሰው መሳቢያው ውስጥ አስገቡና ቆለፉት። ይህን ኮሚቴውን አላስፈቀዱም።

ክንዱ ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ድምፃቸው ተከተለው።

«ነገ እናትህ ሜዳ ስትመጣ ምን እንበላት?»

«አትመጣም።»

«ምነው?»

«አልናገርም፣ አያ አድማሴ።»