የሐሙስ ማገዶ

«በሩን ዝጊው!»

ቡሽራ ከሙንሲፍ አፍ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነበር። ሰላምታ የለ፣ ማን ነሽ የለ። በማራኬሽ አሮጌው ከተማ፣ ከሐማሙ፣ ከሠፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ መጥታ፣ ጎንበስ ብላ ወደ ማንደጃው ክፍል እንደገባች አንድ ረጅም ሰው እንጨት እንደታቀፈ ቀና አለ። ከዓይኖቹ በቀር ጥላሸት ያልነካው የፊቱ ክፍል አልነበረም።

«እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው የምትቀበሉት?» አለችው።

«እንግዳው በር ከፍቶ ከቆመ ንፋሱ እሳቱን ያበላሸዋል። እሳቱ ከተበላሸ ውሃው ይቀዘቅዛል። ውሃው ከቀዘቀዘ እዚያ ማዶ አርባ ሴቶች ሳሙና እንደተቀቡ እኔን ይረግሙኛል። ... አሁን ዝጊውና እንዴት አደርሽ።»

ዘጋችው። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው። ለቀልድ አልመጣችም።

«ከኃይል ቁጠባ ፈንድ ነው የመጣሁት። ሐጅ ትሃሚን እፈልጋለሁ።»

«አባቴ ናቸው። ማመልከቻውን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ ሙንሲፍ እባላለሁ።» እጁን ሊዘረጋ አለና ጥላሸቱን አይቶ መልሶ ሰበሰበው። ያቺ እጅ ስትመለስ ቡሽራ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ቅር አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በሐማሙ በር ላይ ወረቀት ለጥፏል፤ እስከ ጸደይ ጭሱን ያልቀነሰ ማንደጃ ይታሸጋል። ጭሱ ሳንባ እንደሚበላ የሚክድ የለም፤ ሃምሳ ዓመት እሳት ያነደዱት ሐጅ ትሃሚ ዛሬ ሁለት ደረጃ ሲወጡ ሦስት ጊዜ ያስላሉ። ነገር ግን «ወይ ቀይር ወይ ዝጋ» የሚል ወረቀት ለጥፎ መሄድ ማንም የሚችለው ሥራ ነው። በምን አቅሙ ይቀይር ብሎ የሚጠይቅ ነው የሚጠፋው። ቡሽራ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ወደ ፈንዱ የገባችው በዚህ ብስጭት ነበር። ፈንዱ ማገዶና መብራት ለሚቆጥቡ ፋብሪካዎችና ሕንጻዎች ገንዘብ ይሰጣል። እዚህም ከሰጠ አዲስ ማንደጃ ይተከላል፣ ሐማሙም ይተርፋል። ካልሰጠ ሃያ ሦስት ሰው የሚተዳደርበት ቤት ይዘጋል።

ፈንዱ ደግሞ ደንብ አለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱ ሸክም እንጨት ይመዘናል፤ እሷ ከሄደች በኋላ ያለውን ሙንሲፍ ይመዘግባል። ቡሽራ ቅጹን አውጥታ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበበች።

«ማንደጃው ከመታጠቢያው ሌላ የሚያገለግለው ነገር አለ?»

«የለም» አለ ሙንሲፍ ሳያስብ። ጥግ የተቀመጡት አባቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈረመ።

በዚያው ሳምንት ወዳጅነት ጀመሩ። እሷ መሣሪያዋን ጭስ ማውጫው ውስጥ ትከታለች፤ እሱ መዳፉን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል።

«ውሃው አርባ ሁለት ነው» ይላል።

«አርባ ሦስት» ትላለች መሣሪያዋን አይታ።

«መሣሪያሽ አዲስ ስለሆነ ነው። ይለምዳል።»

አንድ ቀን ቁጥሩን አሳየችው። ከሚነደው እንጨት ሲሶው ብቻ ነው ውሃ የሚያሞቀው፤ የቀረው በጭስ ማውጫው ይወጣል።

«አባቴ ሃምሳ ዓመት ሰማይ ሲያሞቁ ኖሩ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ሰማዩ እኮ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገናቸውም» አለ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ሞያ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ እሳቸውን ደም አሳላቸው፤ እኔ ወደዚህ ጉድጓድ ወረድኩ። ይህን ማንደጃ ከአንቺ ይልቅ እኔ ነኝ የምጠላው።»

በማግስቱ ስትመጣ ወንበሯ ከቦታው ተነስቶ፣ አየር በሚገባበት ቀዳዳ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ጭሱ ዓይኗን ሲያቀላው አይቶ ኖሯል። ስለ ወንበሩ እሱም አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ወንበሩ ተወልውሎ ይጠብቃት ነበር። እሷም «አንተ» ልትለው የጀመረችው መቼ እንደሆነ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ቡሽራ ቢሮዋ ቁጭ ብላ ቁጥሮቹን ደመረች። አንድ ነገር ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሐሙስ ሐሙስ ማገዶው በእጥፍ ይጨምራል። ውሃው አልጨመረም፤ ገላውን የሚታጠበውም ሰው አልበዛም። ጭማሪው ደግሞ ሦስቱንም ሐሙስ የተመዘገበው እሷ ከሄደች በኋላ፣ በእሱ እጅ ጽሕፈት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር አይታ ታውቃለች። አንድ ሰው ዛሬ ብዙ እንደሚያነድ ካስመሰለ ነገ የሚቆጥበው ትልቅ ይመስላል፤ ፈንዱም እጁን ይፈታል። ገንዘቡ አልነበረም ያበሳጫት። ወንበሩ ነበር። ወንበሩም ለዚሁ ነበር እንዴ?

ወረቀቱን ይዛ ሄደች።

«ሦስት ሐሙስ» አለችው ከበሩ ላይ ቆማ። «ሦስቱንም ጊዜ እኔ ከሄድኩ በኋላ።»

ሙንሲፍ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። «ሐሙስ ነዋ።»

«ሐሙስ መሆኑን አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ምንድን ነው የምትጠይቂኝ?»

«እንጨቱ የት እንደገባ ነው የምጠይቅዎት።»

«እርስዎ» የምትለው ቃል ክፍሉን አቀዘቀዘችው። ሙንሲፍ አካፋውን አስቀመጠ።

«የነደደውን ነው የጻፍኩት። አንዲት ጭራሮ አልጨመርኩም።»

«እንግዲያው ምን አነደዱበት?»

«ሐሙስ መሆኑን አውቃለሁ ብለሽኛል» አለ ጥርሱን ነክሶ። «እያወቅሽ የምትጠይቂኝ ሌባ ነህ ለማለት ከሆነ ወደ አባቴ ቤት በዚህ በር አትግቢ።»

ወጣች። በንዴቷ በዚያው ቀን ሪፖርቱን ጻፈች፦ የአመልካቹ መዝገብ አይታመንም፤ ማመልከቻው ውድቅ እንዲደረግ። ፈረመችና ለአለቃዋ ላከችው። ፍትሕ የሠራች መስሏት ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ነው። ለምሳ ወደተከራየችበት ቤት ስትመለስ አከራይዋ ላላ ኪንዛ ገበታው መሐል አንድ ረጅም የሸክላ እንስራ አቁመው ጠበቋት።

«ዛሬ ኩስኩስ የለም፤ ባለቤቴና የቆዳ ሠሪ ጓደኞቹ ለሽርሽር ወደ አትክልቱ ቦታ ይዘው ከሄዱት የሥጋ ድስት ለእኛም አንድ ላኩልን። ብዪ፣ ልጄ፤ ከትናንት ጀምሮ ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ሥጋው ከአጥንቱ ሳይነካ ይለያል። ቡሽራ ሁለት ጊዜ ጎረሰች።

«እንዴት ቢሠሩት ነው እንዲህ የለሰለሰው?»

«እኛ ምን ሠራን? ሥጋውን፣ ሎሚውን፣ ከሙኑን ድስቱ ውስጥ ከትተን አፉን በወረቀት አስረን ለሐማሙ ሰጠን። ሐሙስ ማታ ትልቅ እሳት ያነዱና ድስቱን አመዱ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ዓርብ ረፋድ ላይ ይወጣል። ሐጅ ትሃሚ ጋ ነው የምንሰጠው፤ የልጁ እጅ የተባረከ ነው።»

የቡሽራ ጉርሻ በአፏ ቀረ።

«ስንት ሰው ይሰጣል?»

«ሠፈሩ ሁሉ! ሠላሳ፣ አርባ ድስት። እናንተ አስፊ ላይ ሐሙስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እኛ ዓሣ ነው የምንበላው» አለችና ተነሳች። የተወለደችው በባሕሩ ዳር፣ በአስፊ ከተማ ነው። በአስፊ ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። ማራኬሽ ላይ ግን ሐሙስ ሲባል ማንም ተጨማሪ ማብራሪያ አይጠይቅም። ሙንሲፍ የምታውቅ መስሎት ነው ያዘነው።

አለቃዋን ሲ ጀዋድን («ሲ» እዚያ «አቶ» እንደ ማለት ነው) ከዓርብ ጸሎት ሲመለስ ደረጃው ላይ ያዘችው።

«ሪፖርቴ ስህተት ነው።»

«ተፈርሟል እኮ፣ ቡሽራ።»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የምሰርዘውም እኔ ነኝ።» የአመዱን ነገር ነገረችው።

«ታዲያ ቅጹ ላይ 'የለም' ብሎ መለሰ እኮ። ሐሰት ሐሰት ነው።»

«ሐሰት አይደለም! ስለ ማንደጃው ጠየቅነው፣ ስለ ማንደጃው መለሰ። ሐሙስ እሳቱ ቢበዛም ለእነሱ አመዱ የማንደጃው ሥራ አይደለም፤ የተረፈ ነገር ነው። የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል ደግሞ ማን በቅጽ ያስመዘግባል? ከዚህ ቢሮ እስከ ሐማሙ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ሥጋውን ሁላችሁም ትበሉታላችሁ። ከመካከላችን ይህን ጥያቄ በሰው ቋንቋ የሚጽፍ አንድ ሰው ጠፋ፤ አሁን የእኛን ስንፍና ሐጅ ትሃሚ በሳንባቸው ይክፈሉልን?»

ሲ ጀዋድ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ለሌላ ሐማም እንዲህ ጮኸሽ አታውቂም።»

እውነት ነው። ልትክድ ትችል ነበር። ብትክድ ፋይሉ እጇ ላይ ይቆያል፤ አንድ ቀን ነገሩ ሲታወቅ ግን ጉዳዩ በሙሉ የተበላሸ ይሆናል፣ ሐማሙም አብሮ ይወድቃል።

«ሰውየውን እወደዋለሁ» አለች። «እሱ አያውቅም። ስለዚህ ፋይሉን ከእኔ ወስደህ ለሌላ ስጠው። ከመጀመሪያው ይመዘን።»

«ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል።»

«ይጻፍ።»

«ምርመራው እስኪያልቅም ሐማሙ ጋ መሄድ፣ ደውሎ ማነጋገር የለም። ይቅርታ እንኳ ቢሆን።»

ይህ ነው የከበዳት። ግን «እሺ» አለች።

ፋይሉ ለሲ ቡዓዛ ተሰጠ፤ ጡረታው የደረሰ፣ ለማንም ፊት የማይሰጥ መርማሪ ነው። ሦስት ሳምንት አለፈ። ቡሽራ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እራት አልወርድ ይላታል። ሙንሲፍ ምን እያሰበ ይሆን? ሌባ ብላኝ ጠፋች፣ ሌላ ላከችብኝ ... ከዚህ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

ሲ ቡዓዛ ሦስቱንም ሐሙስ እስኪመሽ አመዱ ዳር ቁጭ ብሎ ድስት ቆጠረ። ሪፖርቱ አጭር ነበር፦ ማንደጃው ሁለት ሥራ አለው፤ ሁለቱም ይመዝገቡ። ተጨምቆ የተረፈ የወይራ ፍሬ የሚያነድ፣ በሩ የሚዘጋ አዲስ ማንደጃ ይተከል፤ ከጎኑ ለድስቶቹ ጠባብ የአመድ ጉድጓድ ይሠራ። ሃያ አምስት ድስት ይይዛል። የተረፉት ሌላ ሐማም ይፈልጉ፤ ሁሉንም ማስደሰት አይቻልም። ማገዶው ግን በግማሽ ይቀንሳል።

ከሌላ ሦስት ሳምንት በኋላ ጸደቀ።

ውሉ የሚፈረም ዕለት ሐጅ ትሃሚ ነጭ ጀላባቸውን ለብሰው ታችኛው አዳራሽ ገቡ። ቡሽራ አልወረደችም። ሁለተኛ ፎቅ፣ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ገጽ ደጋግማ ታነባለች። ቀና ስትል ሙንሲፍ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይቅርታ» አለች ቀድማ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀችው ረጅም ንግግር ነበራት፤ የወጣው ይህ ብቻ ነው። «ሌባ ነህ አልኩህ።»

«አላልሽም። ከዚያ የባሰ ነው ያልሽኝ። እርስዎ አልሽኝ።»

«አስፊ ላይ ሐሙስ ...»

«አውቃለሁ፤ የአስፊ ልጅ መሆንሽን ሲ ቡዓዛ ነግሮኛል። እኔም ከየት እንደመጣሽ ለመጠየቅ ቁጣዬ ጊዜ አልሰጠኝም።» ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ጀርባውን ይዞ ቆመ። «ሲ ቡዓዛን ለምን እንደማትመጪ ጠየቅኩት።»

ደም ወደ ፊቷ ወጣ። «ምን አለህ?»

«'ልጅቷ ስለ አንተ አለቃዋ ፊት የተናገረችውን እኔ አልደግመውም፤ እኔ የልጅ ልጅ ያለኝ ሰው ነኝ' አለኝ።»

ሳቋ አመለጣት። እንባዋም አብሮ አመለጣት።

«ስለዚህ ምን እንዳልኩ አታውቅም?»

«ገምቻለሁ። ከተሳሳትኩ በመጣሁበት ደረጃ እወርዳለሁ።»

ጣቶቹ የወንበሩን ጀርባ አጥብቀው ይዘዋል።

«አልተሳሳትክም» አለች ቀስ ብላ።

ትንፋሹን ሲለቅ ሰማችው።

«እናቴ ቅዳሜ አስፊ ትሄዳለች» አለ።

«አስፊ ምን አላቸው?»

«የአባትሽ ቤት።»

«እኔን ሳትጠይቀኝ?»

«ሲ ቡዓዛ ፊርማው ሳይደርቅ አንድ ቃል ብትተነፍስ ፋይልህን ራሴ እቀደዋለሁ ብሎኛል። አሁን ደርቋል። እየጠየቅኩሽ ነው፣ ቡሽራ።»

«ቅዳሜ አይሆንም» አለች። ፊቱ ሲለወጥ አይታ ቶሎ ቀጠለች፤ «ቅዳሜ አባቴ ወደብ ነው የሚውለው። እሑድ ይሁን። እኔ ቀድሜ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ከታች የሐጅ ትሃሚ ድምፅ በሳል እየተቆራረጠ መጣ፤ «ሙንሲፍ! ልጄ! እነዚህ ሰዎች ብዕራቸውን እየፈለጉ ነው! እኔ ገና አልፈረምኩም!»

ሙንሲፍ እጁን አየ። ብዕሩ በጣቶቹ መሐል ነበር።

«ደርቋል አላልከኝም?» አለች ቡሽራ።

«የእኔ ደርቋል።»

«በል ውረድና ለአባትህ ስጣቸው» አለችው በመዳፏ እንባዋን እየጠረገች። «ከዚያ ተመለስ።»