በእኔ ማለች

«ልጄ ትሙት! እዚህ ኮምፒውተር ላይ ማንም ፍላሽ አልሰካም!»

ጥድፌ ምሳ ዕቃውን እንደታቀፈች ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ በር ውጭ ደርቃ ቀረች። የምትምለው እናቷ ናት፤ ትሙት ተብሎ የተማለባት ልጅ ደግሞ ራሷ ጥድፌ። ፍላሹም በዚያች ደቂቃ የደብተር ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ነበር።

ጥድፌ የቤት ስሟ ነው። ሁሉን ነገር በጥድፊያ ስለምትሠራ እናቷ ያወጣችላት ሲሆን፣ የዛሬ አምስት ቀንም ጉድ ያፈላው ያው ጥድፊያዋ ነው። አሳይመንት የሚረከብበት ሰዓት ደርሶ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጽሑፏን ተይቦ ፍላሿ ላይ ከጫነላት በኋላ «ፕሪንተሩ ተበላሽቷል» አላት። ፍላሹን ይዛ ወደ እናቷ መሥሪያ ቤት በረረች። እናቷ የከተማውን የውሃ ፓምፖች ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የምታዝዝ ባለሙያ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ «ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በቀይ ተጽፎ ተለጥፏል። ጥድፌ አንብባዋለች፤ ማንበብ መቼ አቃታት! እናቷ «ፊትሽ ገርጥቷል፣ ዳቦ ላምጣልሽ» ብላ ወጣ ስትል፣ «ሁለት ገጽ ምን አላት?» ብላ ሰካችው። አተመች፣ ነቀለች፣ የመጣላትን ዳቦም አጣጥማ በላች።

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልታዘዝም አለ። ፓምፖቹ ቀጥ አሉ። የጀሪካን ሰልፍ መንገዱን ዘጋው፤ እናቷ ሁለት ቀን ሙሉ ቤት አልገባችም። ዛሬ ደግሞ ትምህርት ቤቱ መጸዳጃው ስላስቸገረው ተማሪዎቹን በጊዜ ሲለቅ ክፍሉ በሙሉ ጨፈረ። ጥድፌ አልጨፈረችም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልሆነም።

ገርበብ ባለው በር ተመለከተች። ውስጥ እናቷ፣ የእናቷ አለቃና ከጎረቤት አገር ለእርዳታ የመጣች አንዲት ባለሙያ አሉ።

«እህቴ፣ እኔ ልቆጣ አልመጣሁም» አለች እንግዳዋ፣ ቋንቋውን እየሰባበረች። «እኛም አገር ፓምፑ ያው ነው፣ ፕሮግራሙም ያው። ዛሬ ጠዋት አንድ ጣቢያችን ላይ ምልክቱ ታይቷል። ያ ጣቢያ ሆስፒታል ነው የሚያጠጣው። ይሄ ቫይረስ ከገባ በኋላ ዱካውን ያጠፋል። የመጣበትን ፍላሽ ካገኘን ግን መከላከያውን ዛሬውኑ ሠርተን ለእናንተም፣ ለእኛም፣ ለሌሎቹ ጎረቤቶችም እናዳርሳለን። ማን ሰካው የሚለው የእኔ ጉዳይ አይደለም።»

«የእኔ ግን ነው!» አለ አለቃው። «ይሄን ኮምፒውተር የያዝሽው አንቺ ነሽ። እውነቱን ተናገሪና እንገላገል።»

«ማልኩ እኮ! በአንድ ልጄ ማልኩ!» የእናቷ ድምፅ ተሰበረ።

ከግቢው ጀርባ ቦይ አለ። አንድ ውርወራ፣ አለቀ ደቀቀ። ጥድፌ ሁለት እርምጃ ወደዚያ ሄዳ ቆመች። ብትናገር እናቷ አለቃዋ ፊት በሐሰት የማለች ልትባል ነው፤ ከሥራም ልትባረር ትችላለች። ዝም ብትል ደግሞ፣ ስሙን እንኳ በማታውቀው ከተማ በሽተኞች ውሃ ሊያጡ ነው። በዕድሜዋ እንዲህ አፍራ አታውቅም። እናቷ የማለችው እኮ አምናት ነው።

በሩን ገፋችው።

«ልጅ እዚህ አይገባም!» አለ አለቃው።

እናቷ ዓይኗን ጠረግ አደረገች። «ጥድፌ? ምሳውን እዚያ አስቀምጪውና ሂጂ፣ የኔ እናት።»

ጥድፌ ያስቀመጠችው ፍላሹን ነው። «እማዬ… እኔ ነኝ። ዳቦ ልታመጪልኝ ስትወጪ።»

እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህባት በስንት ጣዕሙ! «በሐሰት አስማልሽኝ?» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እንግዳዋ ፍላሹን አንስታ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተተየበበትን ቤት ጠየቀች። ጥድፌ አንድ በአንድ መለሰች።

«እዚያ ቤት ሌላ ማን አስተየበ?»

«ክፍላችን በሙሉ።»

«ወላጆቻቸው የት ይሠራሉ?»

«የአንዱ አባት መብራት ኃይል ነው። የአንዷ እናት ባንክ…»

እንግዳዋ ስልኳን አነሳች፤ ግን ለማን እንደምትደውል አላወቀችም። «ልጆቹ እኔን አያውቁኝም» አለች። «አንቺን ነው የሚያውቁሽ።»

ጥድፌ የክፍላቸውን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። «ፎቶ ኮፒ ቤት የተሰካ ፍላሽ የትም እንዳትሰኩ። ቫይረስ አለው ተብሏል» ብላ ጻፈች።

ወዲያው ሳቅ ተከመረ። «ማን ነው ያለው?» አለች የጎን ጓደኛዋ። «እየፎገርሽን ነው አይደል? እኔ አሁን እማዬ ቢሮ ልሰካው ነው።»

«ተብሏል» ያለችው ቃል ከነሙሉ ፊደሏ አፈጠጠችባት። ማን አለ? ማንም። እናቷ አሁንም ወደ መስኮቱ እንደዞረች ናት። ጥድፌ መልእክቱን አጠፋችው። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳትቸኩል፣ እንደገና ጻፈች፦

«እንዳትሰኪው! ውሃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አንድ ጊዜ አነበበችው። ላከችው።