ስድስት ቁጥርና ሰባት ቁጥር

ማን ይናገር የነበረ ይባላል። እኔ ደግሞ የነበርኩት ሳልፈልግ ነው። የሮክ ሙዚቃ ራሴን ያመኛል፤ ከበሮው ደረቴ ውስጥ ገብቶ የሚደልቅ ይመስለኛል። ስለዚህ ስለዚያ ባንድም ሆነ ስለ ዘፋኙ የምናገረው የአድናቂ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የማወራው ስለ እህቴ ነው።

እህቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ናት። ሌላ ሰው የጻፈውን ቀኑን ሙሉ እያነበበች ስህተቱን በቀይ ታሰምርበታለች። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ቤት አንድ መኝታ ክፍል እየተጋራን ስናድግ ከሷ ቴፕ ሌላ የሰማሁት ነገር የለም። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት የባንዱን የመጀመሪያ ካሴት ከጓደኛዋ ተውሳ አመጣች፤ እስከ ዛሬ አልመለሰችውም። ባንዱ ያኔም ቢሆን የልጆች ባንድ አልነበረም። ዘፋኙን አድናቂዎቹ በሙሉ «ጋሼ» ይሉታል፤ በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ። ረጅምና ከሲታ ነው፤ ድምፁ አሸዋ የዋጠ ሰው ድምፅ ነው። ቆንጆ ነው አልልም።

ባንዱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ፣ በትልቁ ከተማ አንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ይጫወታል። አዳራሹ ወንበር የለውም፤ ቀድሞ የገባ ፊት ይቆማል። ስለዚህ የድሮዎቹ አድናቂዎች ከጠዋት ጀምረው በሩ ላይ ይሰለፋሉ። ሰልፉ የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው በእስክሪብቶ እጁ ጀርባ ላይ አንድ ብሎ ይጽፋል፤ ከኋላው ለመጣው ሁለት ብሎ ይጽፍለታል፤ ያም በተራው ለቀጣዩ። ቁጥር ያለው ሰው ምሳ በልቶ ቢመጣ እንኳ ቦታውን የሚነካበት የለም።

አንድ ቁጥር ሁልጊዜ አንዲት ነርስ ናት። ሁለተኛውን ሕግ ያወጣችው እሷ ነች፦ ሰልፍ ላይ የቤት ነገር አይወራም። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ በሽታ፣ አለቃ የሚባል ነገር አይነሳም። እሱን ልንረሳ አይደል እንዴ የመጣነው ትላለች። ስም እንኳ አይጠያየቁም፤ የሚጠራሩት በሙያ ነው። ነርሷ፣ አናጢው፣ አራሚዋ። ክርክራቸው ሁሉ የትኛው ዘፈን ከየትኛው ይበልጣል በሚል ነው፤ በዚህ ተኮራርፈው ዓመት የተዘጋጉ አሉ።

እህቴ መጀመሪያ የተሰለፈች ቀን ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ዝናብ ይዘንባል። ከፊቷ ስድስት ቁጥር ላይ የነበረው አንድ ቀጭን ልጅ ነው፤ ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ተራዋን ሊጽፍላት ቢሞክር እጇ እርጥብ ስለሆነ እስክሪብቶው እምቢ አለ። መሐረቡን አወጣና እጇን አደረቀላት። ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት አደረቀላት። ከዚያ ሰባት ብሎ ጻፈ። ጽፎም እጇን ወዲያው አልለቀቀም።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ አሁን በቅርቡ ነው። ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ይህ ታሪክ በሁለት ገጽ ያልቅ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ እሱ ስድስት፣ እሷ ሰባት ሆኑ። እሱ ቀድሞ ከደረሰ፣ አምስተኛው ሰው ቁጥሩን እስኪይዝ ጥግ ቆሞ ይጠብቃል። እሷ ቀድማ ከደረሰች እሱ ስድስትን እስኪይዝ ጫማዋን የምታስር መስላ ጎንበስ ትላለች፤ ያ ሁሉ ሰው የጫማዋ ክር ሁልጊዜ ስድስተኛው ተራ ላይ የሚፈታው ለምንድን ነው ብሎ አልጠየቃትም። ነርሷ እያየች እንዳላየች ታልፋለች።

በአራተኛው ዓመት እህቴ ቆርጣ ተነሳች። አዲስ ቀሚስ አሰፋች። ስሙን ልትጠይቀው፣ ሕጉን ልታፈርሰው ወስና ሄደች። እዚያ ስትደርስ የቀለበት ጣቱ ላይ ቀለበት አየች፤ ቀጭን፣ ልሙጥ ቀለበት።

ስሙን ሳትጠይቀው ተራዋን ያዘች። ኮንሰርቱ ሲያልቅ አንድ ቦታ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣ አላት፤ የመጀመሪያ ግብዣው ነበር። እሷም፣ ቤት የሚጠብቅህ ሰው የለም ወይ ብላ ጠየቀችው። ልጁም «አለ» አላት። እንግዲያው ሂድ አለችው፤ ሄደ።

የሰው ባል መመኘት ለሷ ነውር ነው። ግን መሰለፉንም አልተወችም። በዓመት አንድ ቀን አጠገቡ ቆሞ መዝፈን ኃጢአት አይደለም ብላ ለራሷ ፈረደች። ስልኩን አልጠየቀችውም፤ እሱም አልሰጣትም። እንዲህ ሆነው አሥራ ስምንት ዓመት ኖሩ። የሱ ፀጉር ሳሳ፣ የሷ ዓይን መነጽር ፈለገ።

እቤት ያለን ሰዎች የገባን ሌላ ነው። ጥሩ ጥሩ ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀዋት አንድ አስተማሪና አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት እምቢ ብላ መለሰች። እናታችን ያ የሚጮኸው ሰውዬ ነው እንዴ የሚያገባት እያለች አንጀቷ ያርር ነበር። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። አንድ ቀን የጋሼን ሥዕል ከግድግዳዋ ላይ ልቀደው ምንም አልቀረኝም።

ባለፈው ዓመት ባንዱ ሊበተን ነው ተባለ። የጋሼ ጉሮሮ አልቻለም፤ ሐኪሙ አንድ ኮንሰርት ብቻ ፈቀደለት፤ እሱም እንዳያመሽ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ዜናው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ያረመችው እህቴ ናት። አንድም ስህተት አላገኘችበትም። ከሥራ በቀጥታ እኔ ቤት መጣችና ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። አለቀ፣ አለች። እኔ ለጋሼ መስሎኝ ሁሉም ያረጃል፣ ካሴቱ አለ አይደል እያልኩ አጽናናኋት። ተነስታ ሄደች።

በኮንሰርቱ ሳምንት ከማተሚያ ቤቱ ደረጃ ወደቀች፤ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ። ተይው ብላት አዝለሽኝም ቢሆን ታደርሺኛለሽ አለችኝ። እኔና አንዲት ታጣፊ ወንበር አጃቢዋ ሆነን ሄድን።

ሰልፉ ላይ አንድ መላጣ የጀመረው ሰው ጥግ ቆሟል። እህቴ እያነከሰች ስትመጣ አየ። ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ባሌ እንደዚያ አድርጎ ያየኝ አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ምጥ ላይ ሆኜ። እህቴ እዚህ የምትመጣው ለጋሼ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ተራቸውን ያዙ። ስድስት። ሰባት። እኔን ስምንት አደረጉኝ። ወዲያው ነርሷ የእህቴን እግር አይታ ማሰሪያው ላልቷል አለችና ደግማ ልታስርላት ወደ ጥበቃዎቹ ክፍል ወሰደቻት። እኔና ጥርስ ሠሪው ቀረን።

የሰልፉን ሕግ ማንም አልነገረኝም። ዝም ብሎ መቆም ደግሞ አልችልም።

«ባለቤትዎ ሙዚቃ አይወዱም?» አልኩት።

«የማን ባለቤት?»

«የእርስዎ ነዋ። የኔውማ ቤት ልጅ እየጠበቀ ነው።»

«አንተ በይኝ» አለ መጀመሪያ። ከዚያ «ሚስት የለኝም፤ አግብቼም አላውቅ» አለኝ።

ወደ ቀለበቱ አየሁ። እሱም አየው። ከዚያ ጣቱ ላይ አዞረው፤ መዳፉ በኩል ተደብቃ የነበረች አንዲት ትንሽ ጉጉት ብቅ አለች። ጉጉቷ የባንዱ ምልክት ናት። ቀለበቱን አዳራሹ በር ላይ ለአድናቂ ይሸጡት ነበር። የጉጉቷ አፍ ሹል ነው፤ ጥርስ ሲሠራ ጓንቱን እየቀደደችበት ስላስቸገረችው ወደ ውስጥ ማዞር ለመደ። ከሥራ ውጪም ሳያስበው እንደዞረ ይቀራል።

አፌን በእጄ ያዝኩ። ያው ቀለበት እህቴም አላት፤ ለጣቷ ስለሰፋት በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከቀሚሷ ሥር ነው የምትይዘው። የዓለምን ስህተት ስታርም የምትውል ሴት አፍንጫዋ ሥር ያለውን አላየችውም።

ለምን አልጠየቅካትም አልኩት። አንድ ጊዜ ጠይቋት እንደነበር፣ ያኔ አባቱ ታመው እሱ ብቻ ያስታምማቸው ስለነበር፣ ቤት የሚጠብቅህ አለ ወይ ስትለው አለ እንዳላት ነገረኝ። የቤት ነገር አይወራምና ማን እንደሆነ አልጨመረም። ሂድ ስትለው ሌላ ሰው አላት ብሎ አሰበ።

«አትንገሪያት» አለኝ። «የመጨረሻ ቀኗን አላበላሽባት። ዛሬን አብረን እንቁም፣ ይበቃኛል። ሲያልቅ ባቡሬ ይጠብቀኛል።»

እሺ አልኩት። በሩ ሲከፈት ግን ለእህቴ በጆሮዋ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚህ በኋላ ኮንሰርት የለም፤ ኮንሰርት ከሌለ ሰልፍ የለም፤ ሰልፍ ከሌለ እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚገናኙበት ምድር የለም። እሺ ያልኩትን ማክበር አቃተኝ።

የምትደሰት መስሎኝ ነበር። ተቆጣች።

«ለምን አሁን ነገርሽኝ?»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ እትዬ።»

«ቀርቷል እኮ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ምን ልለው ነው?»

ገብተን ፊት ለፊት፣ የብረቱ አጥር ጋ ቆምን፤ እሷ መሃል፣ እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ። ወንበሩን ዘረጋሁላት፤ አልተቀመጠችም።

ጋሼ ወጣ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር የዘፈነው። ድምፁ ግማሹ የለም፤ ያለው ግማሽ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አንጀት ይበላል። ዓይኑ ቶሎ ቶሎ ወደኛ ይመጣል። ለካ ግጥሙ ይጠፋዋል፤ ሲጠፋው የእህቴን ከንፈር ያያል። እሷ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል አጥርታ ትልለታለች። ስንት ዓመት እንዲህ እንደሆኑ አላውቅም። እህቴ አንዴም ወደ ቀኝ አልዞረችም። ጥርስ ሠሪው ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ።

አንድ ዘፈን ቀረ። ያ ዘፈን ሰው ሁሉ የሚመጣለት ነው፤ እኔ እንኳ ስሙን አውቀዋለሁ። ጊታሩን ሲያስተካክሉ አዳራሹ ጸጥ አለ። ያኔ ነው የዞረችው።

«ቀለበቱን አዙረው» አለችው።

አዞረው። እሷም ከአንገቷ ክሩን ስባ የራሷን አወጣችና ከሱ አጠገብ ያዘችው። ሁለቱ ጉጉቶች ተያዩ።

«አባትህ ነበሩ?»

«አባቴ ነበሩ።»

«ታዲያ እንደሱ አትለኝም?»

«ሕጉን ላለማፍረስ ብዬ።»

ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። እሱ መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ክንዱን ያዘችው።

«እንውጣ» አለች።

«ዘፈኑስ? የመጨረሻው እኮ ነው።»

«ዘፈኑን በቃሌ አውቀዋለሁ። አንተን ነው የማላውቀው።»

ለአፍታ ወደ መድረኩ አየች፤ ቃሉን ማን ይነግረዋል ብላ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠች። እሱ ደግፏት፣ እሷ እያነከሰች፣ ያንን ሁሉ ሕዝብ ሰንጥቀው ሄዱ። ነርሷ ከፊት ከፊት እየቀደመች መንገድ ታስከፍትላቸዋለች። በሩ ተከፍቶ የቀን ብርሃን ገባ፤ ተዘጋ።

ጋሼ ውሃውን ጠጥቶ ሲመለስ ዓይኑ ቦታዋ ላይ አረፈ። ባዶ ነው። ቀጥሎ የጥርስ ሠሪውን ቦታ አየ። ከዚያ እኔን። ከበርጩማው ተነሳና ማይኩን በእጁ ሸፍኖ ወደኔ ጎንበስ አለ።

«የት ሄደች?»

በሩን አሳየሁት።

«ያ ከጎኗ የሚቆመውስ?»

«አብሯት» አልኩ።

በሩን ትንሽ አየው። እነሱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ሲያዩ፣ ለካ እሱም ከላይ ሆኖ እነሱን ሲያይ ኖሯል።

«እንኳን» አለኝ። «እኔም እነሱን ስጠብቅ ደክሞኝ ነበር።»

ተመልሶ ተቀመጠና ጀመረ። ሁለተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ ጠፋው። ወደኔ ከንፈር አየ። እኔ ደግሞ ያንን ግጥም ልጅ ሳለሁ በትራስ ጆሮዬን ደፍኜ ነው ያሳለፍኩት፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንባዬ መጣ፤ አፍሬም ነው፣ አዝኜም ነው። ያኔ ከኋላዬ አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው። እሱ ማይኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይሰማ ነበር።

አሁን ጥርስ ሠሪው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደኛ ከተማ መጥቷል፤ ሥራ ቦታው ከማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። እሁድ እሁድ እኔ ጋ ይመጣሉ። ምሳ ሳይነሳ ከሁለቱ አንዱ ያንኑ ጥያቄ ያነሳል፤ በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አልቆጠርኩም።

«እና እንዴት ጨረሰው?»

«አልጨረሰውም» እላቸዋለሁ። «እኛ ነን የጨረስንለት።»

እህቴ ሳህኗን ታያለች። እሱ እጇን ይይዛል፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል።