ኖፓ የተደበቀችው ልጅ

ኢሊሊ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት ስታልፍ አባቷ ጋሼ ኩምሳ መቱ ከተማ ውስጥ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ አወሩ። ያላወሩት ነገር ግን ነበረ። ልጅቷ መጽሐፍ ስትገልጥ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ገጽ ሳትጨርስ ያጥወለውላታል። በልጅነቷ ምግብ ቀርቦ እንኳ ከንባብ የማትነሣ ልጅ ነበረች። አባቷ "ልብ ወለድ ፈተና አያሳልፍም" ብለው ከከለከሏት ወዲህ ግን የምታነበው ለመሸምደድ ብቻ ሆነ።

ዩኒቨርሲቲ መግቢያው ሲደርስ "አባባ፣ ዘንድሮ ልረፍና ለከርሞ ልግባ" አለቻቸው።

"ምን አድርገሽ ነው የደከመሽ? ድንጋይ ተሸከምሽ? ሰውስ ምን ይለኛል?"

"የታመምኩት እኮ እኔ ነኝ።"

ተቆጡ፣ ለመኑ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ለጎረቤቱ "ዩኒቨርሲቲ ገባች" ብለው፣ ልጃቸውን ከመቱ ወጣ ብሎ ኖፓ ወረዳ ወደሚኖሩት እህታቸው ላኳት። "ከግቢ ውልፊት እንዳትዪ" ሲሉም አስጠነቀቋት።

በኦሮምኛ አዳዳ፣ ማለትም አክስቴ፣ የምትላቸው ዲንቃ በስኳር ሕመም ዓይናቸው የደከመ፣ ጨዋታ ወዳድ ሴት ናቸው። መምህር የነበሩት ባላቸው ሲሞቱ አንድ ሣጥን ሙሉ መጽሐፍ ትተውላቸዋል። አንድ ከሰዓት አንዱን አወጡና "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እስኪ አንብቢልኝ" አሏት።

"አልችልም አዳዳ፣ ያመኛል።"

"ሲያምሽ ታቆሚያለሽ። ማን ሊፈትንሽ ነው?"

ግማሽ ገጽ አንብባ አቆመች። አክስቷ መጽሐፉን ተቀብለው ወደ ሣጥኑ መለሱት። በማግስቱ ትንሽ ገፋች። እያደር አዳዳ ዲንቃ በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር መጣላት ጀመሩ። "ይሄ ሰውዬ ውሸታም ነው! እንዳታገባው!" ሲሉ ኢሊሊ ከት ብላ ሳቀች። አንድ ቀን አክስቷ እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ ብቻዋን ማንበቧን ቀጠለች። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ቡና ልትገዛ ኖፓ የመጣች መንበረ የምትባል የመቱ ጎረቤታቸው ኢሊሊን በአጥር በኩል አየቻት። ወዲያው ከተማው "የኩምሳ ልጅ አርግዛ ነው የተደበቀችው" ይል ጀመር። ወሬው በስልክ ኢሊሊ ዘንድ ደረሰ። መጽሐፉን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች፤ እህልም እምቢ አለች። አክስቷ ደነገጡና ወንድማቸው ጋ ደወሉ።

"ኩምሳ፣ ልጅቷን ዕረፍቱ እያዳናት ነበር። የጎዳት ያንተ ውሸት ነው። ና፣ ሰው እያየ ውሰዳት።"

ጋሼ ኩምሳ ሲመጡ ልጃቸው ከስታ አገኟት።

"አባባ፣ አፍረውብኛል እንዴ?" አለቻቸው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ኢሊሊ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው።

መቱ የደረሱት በገበያ ቀን ነበር። መንበረ አይታቸው "ዕረፍት ወጣች እንዴ?" አለች፣ የኢሊሊን ሆድ እያየች።

"ዩኒቨርሲቲ አልገባችም" አሉ ጋሼ ኩምሳ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ታማ ነበር፤ ለከርሞ ትገባለች። ደብቄ የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ።"

ያመነም አለ፣ ከንፈሩን ያጣመመም አለ። ወሬው እስከ ዛሬ ጨርሶ አልሞተም። ኢሊሊ ግን በረንዳቸው ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያያት ማንበብ ጀመረች። አንዳንድ ቀን ሐሜቱ ትዝ ሲላት እንባዋ ይመጣል፤ ጠርጋው ትቀጥላለች።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ደከመኝ ሲል ከጎረቤት በፊት እሱን ስሙት። ለሰው አፍ ብላችሁ የምትደብቁት ልጅ፣ የሚያሳፍረው ነገር ራሱ ላይ ያለ ይመስለዋል።