የጋራዡ በር ላይ ሁለት ራይት

ጋሽ ፍቅረሥላሴ ሞተው የተገኙት ሰፈሩ ሁሉ «እኚህ ሰውዬ አንድ ቀን እዚያው ይቀራሉ» ሲል በኖረበት ቦታ፣ መኪና ሥር ነበር። ሰው ሁሉ አስቀድሞ የጠበቀው አሟሟት ደግሞ ኢንስፔክተር ዱርሲቱን አያስደስታትም።

ጊዜው ሐምሌ ነው። ቡራዩ ሲዘንብባት አድሮ፣ ከገፈርሳ በኩል የመጣው ጉም ከባሕር ዛፎቹ ላይ ገና አልተነሣም። ኢንስፔክተሯ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ግቢው ስትደርስ የፋብሪካ ጋዋኗን እንደለበሰች የመጣች አንዲት ሴት ጭቃው ላይ ተንበርክካ እግሯን ያዘቻት።

«እትዬ፣ ባሌ ሰው አይገድልም! በጌታ ስም፣ አይገድልም! ጌዲ ዶሮ ማረድ እንኳ አይችልም!»

«ተነሺ። ስምሽ ማን ነው?»

«ጣቢታ። ስድስት ሰዓት ላይ የዞኑ መኪና መጥቶ ይወስደዋል አሉኝ። እኛ እዚህ አገር ዘመድ የለንም። አንዴ ከሄደ ማን ያወጣዋል?»

ዱርሲቱ መልሱን ታውቀዋለች። ጠያቂ የሌለው የቀን ሠራተኛ ፋይሉ ከጣቢያው ከወጣ፣ እሱን የሚያስታውስ ሰው እስኪገኝ ዓመት ይሄዳል። ሴትዮዋን ደግፋ አነሣቻትና ገባች።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ሳጅን ተድላ ወደ ጋራዡ እየመራት። ሳጅን ተድላ ዘንድ ነገር ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ያለቀ ነው።

ጋራዡ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ የቆርቆሮ መጠለያ ነው። አንድ ፔጆ 404፣ አንድ ፊያት 600 እና አንድ ቮልስዋገን ተወልውለው ተደርድረዋል። ጋሽ ፍቅረሥላሴ በሥራ ዘመናቸው የመኪና ቦሎ መርማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ የቀረ ዕድሜያቸውን ለእነዚህ ሦስት አሮጌዎች ሰጡ። አሁን ከቮልሱ ሥር ወጥተው ሸራ ተሸፍነው ተኝተዋል።

«ሠራተኛው ሦስት ሰዓት ላይ አገኘኋቸው ይላል» አለ ሳጅኑ። «ክሪኩ አጠገብ የነበረው እሱ፣ እጁ በደም የተነከረው እሱ፤ ትናንት ሲጨቃጨቁ ደግሞ ጎረቤት ሰምቷል። ክሪኩን ለቀቀባቸው፣ አለቀ።»

ጌዲ በካቴና ከፊያቱ ፓራውልት ጋር ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። አንገቱን ደፍቷል።

«እጅህ ምን ሆነ?» አለችው ዱርሲቱ።

«መኪናውን ላነሣ ስል ነው። ጋሼ የቆርቆሮ ምስማር ግዛ ብለው ሁለት ሰዓት ላይ ላኩኝ። ስመለስ እግራቸው ብቻ ይታያል። ጠራኋቸው፣ ጠራኋቸው...» እንደ ልጅ አለቀሰ።

ዱርሲቱ ሸራውን ገለጠች። ሟቹ የለበሱት ግራጫ ቱታ ነው፤ ዘይት የጠገበው ሰማያዊ ቱታ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የጋራዡ ወለል ደረቅ ሆኖ ሳለ የግራጫው ቱታ ጀርባ ቀይ ጭቃ ተለድፎበታል። ከጭንቅላታቸው ኋላ ቁስል አለ። ለጎማ ታኮ የሚሆኑ ሁለት ጠርብ እንጨቶች ከነአቧራቸው ሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። በሟቹ ግራ መዳፍ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ የተጻፉ ሰባት ቁጥሮች አሉ።

«ስልክ ቁጥር ነው» አለ ሳጅኑ።

«ሰባት አሃዝ? በየትኛው ዘመን የሚደወል ነው?»

ሳጅኑ ሸራውን መልሶ ሸፈነ።

ከመኪኖቹ ጀርባ የመሣሪያ ክፍሉ በር አለ። ጥቁር ተቀብቶ፣ ከላይ በነጭ ቀለም «ቤቱ ይቅደም» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሥሩ በጠመኔ ሁለት መስመር አለ፤ «የሳሎን ጣሪያ»፣ «የጣቢታ በር»። በሁለቱም ጎን ጭራው የረዘመ የራይት ምልክት ተደርጓል። የቀረው የበሩ ክፍል ተጠርጎ ተጠርጎ ነጭ ደመና መስሏል። አንድ እርጥብ ጨርቅ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ አጠገቡ የጠመኔ ማስቀመጫ ጣሳ አለ፤ ባዶ ነው። ዱርሲቱ ጠጋ ብላ ሁለቱን ራይቶች አየች።

ሳሎን ውስጥ ከሥራ ቦታዋ ተጠርታ የመጣችው የሟቹ ልጅ ያኔት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ተቀምጣለች። የአክስቷ ልጅ ወንዲ የቆዳ ጃኬቱን እንደለበሰ ትከሻዋን ይዟታል። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል።

«ይሄ ጣሪያ ተሠርቶ ነበር እንዴ?» አለች ዱርሲቱ።

«የት ተሠራና!» አለች ያኔት። «እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ "መኪኖችህ ደረቅ ላይ ያድራሉ፣ እኔ ዝናብ ላይ" ስትለው ኖረች። ስትሞት አባዬ አልጋዋ ላይ ማለላት። የቤቱ ሥራ በሩ ላይ ተጽፎ እስካለ ድረስ ከመኪና ላይ አንድ ብሎን አይፈታም። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅበት ነበር።»

«ሁሉም ያውቃል?»

«የማያውቅ የለም።»

«በመኪኖቹስ ማን ያግዛቸዋል?»

«ጌዲ። ወንዲም አልፎ አልፎ። አምና ፔጆውን ሰበታ ወስዶ ሞተሩን አሳድሶለታል።»

ወንዲ ጉንጩን ጠረገ። «አጎቴ አባቴም ነበር። ሰበታ ሆኜ ነው መርዶውን የሰማሁት። አሁን ይሄን ሰውዬ ምን ያስቆየዋል? ወስዳችሁ አሳርፉን እንጂ!»

«ስድስት ሰዓት ገና ነው» አለች ዱርሲቱ።

ከግቢው አጥር ወዲያ ማዶ ጎረቤቱ ኦቦ ዲሪርሳ ቆመው ነበር። ከታመሙ ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝላቸውም፤ ግራቸውን ዘረጉ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ዲሪርሳ?» ስትል በኦሮምኛ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው።

«ነጋ፣ ገለታ ዋቃ፤ ሰላም ነው፣ ተመስገን። በግራ ስለጨበጥኩሽ ይቅርታ፣ ልጄ።»

«ትናንት ምን ሰሙ?»

«ልጁ "አይሆንም ጋሼ! እኔ እያለሁ አይሆንም!" ሲል ሰማሁ። የሰማሁትን ተናገርኩ እንጂ ገደለ አላልኩም። ዋዩ! ሰው አፉን ከፍቶ የሰው ነፍስ ይበላል እንዴ?»

ዱርሲቱ ወደ ግቢው በር ተመለሰች። ጣቢታ እዚያው ዝናቡ ላይ ነች።

«የቤትሽ በር ተሠራ?»

«የኛ? ማጠፊያው ተነቅሎ በድንጋይ ደግፈን ነው የምናድረው። ጋሼ "የእኔን ቤት በር ነቅዬ እሰጣችኋለሁ" አሉ። ጌዲ "እኔ እያለሁ የእርስዎ በር አይነቀልም" ብሎ ጮኸ። አፍሮ ነው፣ እትዬ! ትናንት የተጣሉት በዚህ ነው።»

ዱርሲቱ ከያኔት የፔጆውን ሊብሬ ተቀበለች። ኮፈኑን ከፈተች፣ ጎንበስ ብላ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር አነበበች፣ ዘጋችው። ከዚያ የሟቹን ስልክ ጠይቃ አየች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጌዲ ካቴናው አልተፈታም። ጣቢታ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ነው። ዱርሲቱ በአንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ በከሰል «ቧንቧ» ብላ ጻፈችና ከመኪናው ላይ አስደገፈችው። ከሰሉንና እርጥቡን ጨርቅ አጠገቡ አኖረች።

«ቧንቧው ተሠርቶ አለቀ እንበል። ጋሽ ፍቅረሥላሴ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ወንዲ፣ አንተ የቤቱ ወንድ ነህ፤ ጀምርልን።»

«ይሄ የልጅ ጨዋታ ምንድነው?» አለ ወንዲ። ከሰሉን አነሣና ከቃሉ ጎን ራይት አደረገ። ጭራውን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ለቀቀው።

ያኔት ቀና አለች። «ምን ነካህ ወንዲ? አባዬ መቼ ነው ራይት አድርጎ የሚያውቀው?»

ወንዲ ከሰሉን ከእጁ ጣለው።

«ጌዲ፣ አንተ ንገረን» አለች ዱርሲቱ።

«በጨርቁ ይጠፋል» አለ ጌዲ። «ሥራ ሲያልቅ ጋሼ ጨርቁን ይሰጡኛል። "አጥፋው" ይሉኛል። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማጠፋው።»

«መርማሪ ነበሩ» አለች ያኔት እያለቀሰች። «ራይትና ኤክስ ሲያደርግ የኖረ እጅ ይበቃዋል፣ ያለቀ ነገር መታየት የለበትም ይል ነበር።»

ዱርሲቱ ወደ በሩ ዞረች። «እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር። ጋሽ ፍቅረሥላሴ የለበሱት የቤት ሥራ ቱታ ነው፤ የመኪናው ተሰቅሏል። ታኮው አልተነካም። ሠላሳ ዓመት መኪና የመረመረ ሰው ያለ ታኮ ክሪክ ሥር አይገባም። ጀርባቸው ላይ ያለው ጭቃ የግቢው ነው። ስለዚህ የተመቱት ግቢ ውስጥ ነው፤ ከሞቱ በኋላ ተጎትተው መኪና ተጣለባቸው።»

«ይሄም ልጅ መጎተት ይችላል!» አለ ሳጅን ተድላ።

«ይችላል። ኦቦ ዲሪርሳ ግን በአንድ እጃቸው አይችሉም። ነፍሰ ገዳዩ የጋሼን መሐላ ያውቃል፤ የቤት ሥራ እያለ መኪና ሥር ገቡ ቢባል ማንም አያምንም። ስለዚህ ሥራው ያለቀ እንዲመስል ሁለት ራይት አደረገ። ግን ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፤ የጣቢታም በር በድንጋይ ቆሟል። ጌዲ ቢሆን በጨርቁ ይጠርገው ነበር፤ እጁ የለመደው እሱን ነው። ያኔትም እንደዚያው። ራይት የሚያደርገው መሐላውን በወሬ የሰማ፣ በዚህ ቤት ግን አንዲት ምስማር መትቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

ወንዲ ሊስቅ ሞከረ። «በአንድ ራይት ሰው ትሰቅያለሽ?»

«በራይት ብቻ አይደለም። መዳፋቸው ላይ ያለው የፔጆው ሞተር ቁጥር ነው፤ አሁን መኪናው ላይ ካለው ሞተር ጋር አንድ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። አምና ሰበታ ያሳደስከው ሞተር የት ሄደ? ጋሼ ያነበቡት ለቦሎ ነው፤ ማንበብ ብሎን መፍታት አይደለም። ከዚያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉልህ። የመጨረሻው ጥሪያቸው አንተ ነህ፣ ይህን ግን አልነገርከንም።»

«ደወለልኝ፤ አልመጣሁም!»

«ጣሳው ውስጥ ጠመኔ የለም። ሁለቱን ራይቶች ያደረገው ሰው ቸኩሎ ነበር። ሰው ተውሶ የጻፈበትን እስክሪብቶ ኪሱ ይከታል፤ ልማድ ነው። ሳጅን፣ ጃኬቱን።»

ሳጅን ተድላ እጁን ከተተ። ሲያወጣው ጣቶቹ ነጭ ነበሩ፤ መካከላቸው ግማሽ ጠመኔ አለ።

ወንዲ ፊያቱ ላይ ተደገፈ። «ሞተሩን መልስ አለኝ» አለ። «ዛሬውኑ መልሰው፣ ካልሆነ ለያኔት እነግራታለሁ አለኝ። ከየት አባቴ ልመልሰው? ተሸጦ ተበታትኗል! ጀርባውን ሰጠኝና መሰላሉን ሊያነሣ ሄደ። የጎማ መፍቻው እጄ ላይ ነበር። እኔ... ሰው ሁሉ መኪና ሥር ይሞታል ይል ነበር። የሚታመን መስሎኝ ነው፣ ያኔት! ያኔትዬ!»

ያኔት እየተነሣች ወደቀች፤ የያዘቻት ጣቢታ ናት።

ስድስት ሰዓት ላይ የዞኑ መኪና መጣ። ሳጅን ተድላ በአንድ ጎኑ ወንዲን፣ በሌላ ጎኑ በሰው አሸክሞ የመሣሪያ ክፍሉን በር ጫነ። በሩ ማስረጃ ነው። ዱርሲቱ የጌዲን ካቴና በገዛ እጇ ፈታችው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ሳጅን» አለችው በዝግታ።

ጣቢታ ባሏን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቤት ልትወስደው ጎተተችው። ጌዲ ግን ኪሱን ዳሰሰ። ጠዋት የገዛው የቆርቆሮ ምስማር እዚያው ነበር። መሰላሉን ከወደቀበት አነሣና ጣሪያው ላይ ወጣ። እስኪጨርስ ዝናቡ አላቋረጠም፤ ሲወርድ ግን ሳሎን ያለው ባልዲ ድምፁ ጠፍቷል።

«አሁን የአባዬን መኝታ ቤት በር ንቀልና ውሰድ» አለችው ያኔት።

«አይሆንም፣ እኔ እያለሁ...» ብሎ ጀመረ።

«ውሰደው፣ ጌዲ። ከእንግዲህ ማን ይዘጋዋል?»

በሩን ተሸክሞ ሄደ። አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻውን የማጠፊያ ብሎን አጠበቀ፤ ጣቢታ ድንጋዩን አንሥታ ውጭ አኖረችው። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ጌዲ እጁ እንደ ልማዱ ጨርቁን ፍለጋ ተዘረጋ። ጨርቁም፣ ጽሑፉም፣ «አጥፋው» የሚለውም ሰው አልነበረም።