ድምፁን ያላሰማው እንግዳ

መርማሪ ኖ ኡንቼ «ስልክ» ከማለቷ ረኔል ሁለት እጆቹን አጣምሮ ዘረጋላት።

«እሺ ልሂድ እመቤቴ። ተጫውቻለሁ፤ አልክድም። ዓመት ሙሉ ተጫውቻለሁ።»

«እኔ የጠየቅሁህ የኤልማርን እናት ስልክ ቁጥር ነው» አለችው።

ረኔል እጆቹን ወደ ኪሱ መለሰ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

ደባሉ ኤልማር፣ በኮሪያዋ ሲሁንግ ከተማ የብሎን ፋብሪካ ሠራተኞች ከሚያድሩበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወድቆ፣ እሑድ ቀትር ላይ ሞቶ ተገኝቷል። የሕንፃው ኃላፊ አቶ ፕዮ «ራሱን ነው የጣለው» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። ፊሊፒንስ ላለችው እናቱ ይህ ቃል ከሞቱም ይብሳል፤ ረኔል ደግሞ የሚነግራት ሌላ ቃል አልነበረውም።

«ምንድን ነው የምትጫወቱት?»

«በስልክ ቁማር። አገራችን የተፈቀደ ነው። ኩያ ቪሴንቴ፣ ድርጅቱ ያገራችን ስለሆነ እዚህም ችግር የለውም አለን።» ኩያ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ቪሴንቴ ኮሪያ ዘጠኝ ዓመት ስለኖረ ለሁሉም የሚያስተረጉመው እሱ ነበር። «ባለፈው ሳምንት ፋብሪካው በቋንቋችን ወረቀት ለጠፈ። ድርጅቱ የትም ይሁን የት፣ እዚህ ተቀምጦ መጫወት ወንጀል ነው ይላል። ኤልማር ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሊናገር ነበር።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና ኩያ።»

ኡንቼ ክፍሉን አየች። የኤልማር ነጠላ ጫማ በሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ስልኩን ግን ማንም አላገኘውም። ጥግ ያለውን የሩዝ ከረጢት ፈታ እጇን እስከ ክርኗ ከተተችና ስልኩን አወጣችው። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ አለች። ከውጭ ግድግዳው ላይ የታሰረው የአየር ማቀዝቀዣ ሣጥን አቧራ ለብሷል፤ አቧራው ላይ የሁለት ጉልበትና የአሥር ጣቶች ምልክት አለ።

«አንተ የት ነበርክ?»

ረኔል መሬት መሬት እያየ «ሻወር ቤት» አለ።

«ምን ሰማህ?»

«በራችን ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ። በኃይል።»

«የሰው ድምፅስ?»

«ምንም። ለዚህ ነው ፖሊስ የመሰለኝ። የኛ ሰው በር ላይ ሲደርስ ‹ታኦ ፖ› ይላል፤ ሰው ነኝ፣ አትደንግጡ እንደማለት ነው። የዚህ አገር ፖሊስ ግን አይጣራም፣ ሦስቴ አንኳኩቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል ብሎን ነበር ኩያ።»

«ከዚያስ?»

«ውሃውን ከፈትኩት። ምንም እንዳልሰማ።»

ኡንቼ አቶ ፕዮንና ቪሴንቴን በየተራ አነጋገረች። ከእነሱና ከረኔል በቀር ያን ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል።

«እኔ በር አላንኳኳም» አሉ አቶ ፕዮ። «ቁልፍ እያለኝ እጄን ለምን አሳምማለሁ?»

ቪሴንቴ «ታኦ ፖ» እያለ ገባ፤ በሩ ክፍት ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት ኖረህም ይህን አልተውክም?»

«ምን ላድርግ እመቤቴ፣ ከእናት ጡት ጋር የተጠባ ነገር ነው» ብሎ ሳቀ።

«ቀትር ላይ የት ነበርክ?»

«ክፍሌ ተኝቼ።»

አመሻሹ ላይ ሦስቱን የኤልማር ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ለመሞት የቆረጠ ሰው ስልኩን ሩዝ ውስጥ አይደብቅም» አለች። «ኤልማር የሸሸው ብርበራ ነው፤ ራሱ ሄዶ ሳይናገር ሊይዙት የመጡ መሰለው። ያንኳኳው ሰው እስኪሄድ ውጭ ሣጥኑ ላይ ተንበርክኮ ነበር፤ ጣቶቹ እስኪዝሉ ይዞ ቆይቶ ወደቀ።»

«ማነው ታዲያ ያንኳኳው?» አሉ አቶ ፕዮ።

«እርስዎ ቁልፍ አለዎት። ረኔልም አለው። ፖሊስ ከሆነ ማን እንደሆነ ይናገራል። የማይታወቅ ሰውም ዝም የሚልበት ምክንያት የለውም። ዝም የሚለው ድምፁ የሚታወቅበት ሰው ነው። ደግሞም ሦስቴ መንኳኳቱ የሚያስፈራው ያን ወሬ የሰማን ሰው ብቻ ነው። ወሬውን ያወራው አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ቪሴንቴ ዞሩ። እሱ የኤልማርን ነጠላ ጫማ ነበር የሚያየው።

«ሰኞ እንዳይሄድ ላስፈራው ብዬ ነው። ጨዋታው ውስጥ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ በየሰዉ ይከፈለኛል። መስኮቱን አላሰብኩትም። ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ያኔም ድምፄን አላሰማሁም።»

«ኩያ» አለ ረኔል። ከዚያ ወደ ኡንቼ ዞረ። «ኤልማር ጣቢያ ቢሄድ ኖሮ ምን ያደርጉት ነበር?»

«የመጀመሪያው ነው፤ ያውም ራሱ መጥቶ። በገንዘብ ቅጣት ሳያልፍ አይቀርም ነበር።»

ረኔል የኤልማር አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ቪሴንቴን ወሰዱት። ሰኞ ጧት ረኔል ጣቢያ ሄዶ ስለ ራሱ ቃሉን ሰጠ። ከዚያ ለኤልማር እናት ደወለና ልጇ ራሱን እንዳልገደለ ነገራት፤ ሻወር ቤት ስለከፈተው ውሃም ነገራት።