«ተነሥ» የምትለው ቧንቧ

በአርዳሜል መንግሥት የታላቁ ኦርጋን እናት ቧንቧ የተሰረቀችው የመዘምራኑ አለቃ አርድዮን አልጋ በያዘ ሳምንት ነበር። ጉድ ፈላ! በአርዳሜል የሰው ነፍስ ልትወጣ ስትል መዘምራኑ የስንብቱን ዜማ ያዜማሉ፤ የመጨረሻዋን ቃል፣ «ተነሥ»ን ግን የሰው አፍ አይነካትም። እሷን የምትል እናት ቧንቧ ብቻ ናት። ቃሏ ካልተባለች ሰማይ አይከፈትም፤ ነፍስም ደጅ ትቀራለች።

የአርድዮን ልጅ ሜልዳ፣ ድምፀ መረዋዋ፣ ሰይፏን ታጥቃ በአባቷ ፊት ማለች፦

«በፈጠረኝ! ቧንቧዋን ሳልይዝ ብመለስ ድምፄ ይዘጋ!»

«አፍሽን ሰብስቢ! እንዲህ ተብሎ ይማላል?» አለ አባቷ ደንግጦ።

የኦርጋኑን ወናፍ የሚነፋው ሽማግሌ ጉንዶ ወናፉን ተሸክሞ ተከተላት። ጭው ያለውን በረሃ አቋርጠው፣ ቧንቧዋን የሰረቀው፣ ድምፅ እየበላ የሚኖረው ዘንዶ ኦምራክ ዋሻ ደረሱ። ጉንዶ ወናፉን አመድ ሞልቶ ዘንዶው ዓይን ላይ ለቀቀበት፤ ሜልዳም ሰይፏን ጉሮሮው ውስጥ ሰካች።

«ውሰዷት» አለ ዘንዶው እያጣጣረ፣ «ድምፅዋን በልቼዋለሁ። ‹ተነሥ› ብሎ የሚዘምርባት ካለ ይሙላት፤ የራሱ ድምፅ ግን እዚያው ይቀራል።»

ጉንዶ ቧንቧዋን ቢነፋት ባዶ ነፋስ ብቻ ወጣ። አባቶች ቃሏን የሰው አፍ እንዳይነካት ለምን እንደከለከሉ ያን ጊዜ ገባቸው።

«ተይ ልጄ፣ እኔ ልዘምርባት!»

«ጋሼ ጉንዶ፣ አንተ ስትዘምርማ ውሻ ይጮኻል» ብላ ሳቀች፤ እንባዋ ግን ይወርድ ነበር። አፏን ከቧንቧዋ ገጥማ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ዘመረች። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልወጣትም።

ሲመለሱ አርድዮን በቤተ መቅደሱ፣ ከኦርጋኑ ሥር ተኝቶ ያጣጥር ነበር። ቧንቧዋ ቦታዋ ገባች። መዘምራኑ አዜሙና ከመጨረሻዋ ቃል ሲደርሱ ዝም አሉ። ጉንዶ ወናፉን ነፋ፤ ሜልዳ የኦርጋኑን ቁልፍ ተጫነች።

«ተነሥ!»

ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። አርድዮን ዓይኑን ገለጠ።

«የማን ድምፅ እንደሆነ ሰማችሁ? የልጄ ነው!» አለ በኩራት። «ሞትን ፈርቼው ነበር፤ ልጄ ጠርታኝማ እንዴት እቀራለሁ!» ይህን ብሎ ከትራሱ ቀና እንዳለ አረፈ።

ሕዝቡ ሁሉ ለሜልዳ እጅ ነሣ። እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አባቷ ሩቅ እስኪደርስ ጣቷን ከቁልፉ አላነሣችም።